ጎጎ ከውስጥ ያዩት መንገድ

ፀሐይ ያጋለው ብረት የራሱ ሽታ አለው፤ ዝገትና የሰው እጅ ላብ የተቀላቀለበት። ዛሬ ጠዋት መሐል ከተማ፣ ጀፕስታውን፣ የምሠራበትን የጅምላ መደብር ፍርግርግ ስስብ መዳፌ ላይ ቀረና በስደት መጀመሪያ ወደኖርኩባት የጥቁሮች ሰፈር፣ ወደ ጻካኔ መለሰኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከአንድ የስልጤ ልጅ ጋር በአንዲት የሰፈር ሱቅ፣ እዚህ ስፓዛ በሚሏት ውስጥ፣ እሠራም እተኛም ነበር። ሸሪኬ ነበር የምለው፤ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ደንበኛ የሚስተናገደው በፍርግርጉ ቀዳዳ ነው፤ ዳቦው ይወጣል፣ ሳንቲሙ ይገባል፣ በሩ አይከፈትም። ብርሃን በቆርቆሮ ግድግዳው የምስማር ቀዳዳዎች እየሾለከ ይገባና ሳሙናዎቹ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል።

ያለን አንድ ስልክ ነበር። በውስጡ የአሜሪካ ጥቁሮች ለእኩልነት ሲታገሉ የተሰበኩ ስብከቶች ነበሩ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከእነሱ ነው። የኔ ሰባኪ ፓስተር ነበር፤ ዝግ ብሎ ይጀምርና አንዱን ቃል እየደጋገመ ድምፁን ያነሣል፣ ሕዝቡም ይመልስለታል። የት ላይ እንደሚተነፍስ ሳይቀር አጠና ነበር። የሸሪኬ ሰባኪ ሙስሊም ነበር፤ በአጭር በአጭሩ ይናገራል፣ ያስቃል፣ ከሳቁ በኋላ ቃሉ እንደ ቢላ ይቆርጣል።

«ፓስተር፣ ያንተ ሰውዬ ተገደለ እኮ» ይለኛል ሸሪኬ፤ ስብከቱን ስለማጠና ፓስተር ብሎ ነው የሚጠራኝ።

«ያንተስ?»

«የኔማ እንደሚገድሉት ያውቅ ነበር።»

«የኔም ያውቅ ነበር።»

አንድ ቀን ግን ሳይቀልድ፣ «እነሱ የጮኹት ነጩ በር እንዲከፍትላቸው ነው። እኛ ጥቁር ሆነን ከጥቁር ተደብቀን ቆልፈናል። ይኼን የትኛው ሰባኪ ያስረዳን?» አለኝ።

ከማዶ አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ ይላቸዋል፣ አያት እንደ ማለት ነው። ከሴቶች ጸሎት ሲመለሱ በጸሎት ማኅበሩ ቀይ ሸሚዛቸው ፍርግርጉን ይዘው ስብከቱን ያዳምጣሉ። ፓስተሩ ድምፁን ሲያነሣ «አሜን!» ይላሉ። ከኋላቸው የተሰለፈ ጎረምሳ፣ «ጎጎ፣ ዳቦ ሊገዙ ነው ወይስ ሊጠመቁ?» ሲላቸው አልረሳውም።

አንድ ከሰዓት የውጭ ሰው ሱቅ እየተዘረፈ ነው ተባለ። ከላይኛው መንገድ ዘፈንና የሚሰበር ጠርሙስ ድምፅ መጣ። የምናስተናግድበትን መስኮት ዘጋን። በምስማር ቀዳዳ ሳይ ጎጎ ብቻቸውን ተሻግረው መጡ፤ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ደፍተው በራችን ላይ ተቀመጡ። ሰዉ ሲቀርብ በሰፈሩ ቋንቋ፣ በዙሉ፣ መናገር ጀመሩ። ሁሉን ባልረዳውም አካሄዱን አወቅኩት፤ ዝግ ብለው ጀምረው አንዱን ቃል ደጋገሙ። የሚመልስላቸው ግን አልነበረም። «አሜን» ልል ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም።

የመጀመሪያው ድንጋይ ቆርቆሮውን መታ።

«ክፈት» አለኝ ሸሪኬ። ቁልፉ እኔ ጋ ነበር።

«ይገቡብናል።»

«አሮጊቷን ሊገድሏቸው ነው! አምጣው!»

ሰጠሁት። ከፍቶ በክንዳቸው ጎትቶ አስገባቸውና መልሶ ቆለፈ። ድንጋዩ ጥቂት ዘነበ፤ ከዚያ ጩኸቱ ወደ ታችኛው ሱቅ አለፈ።

ጎጎ ትንፋሻቸው ሲመለስ ዙሪያውን ማየት ጀመሩ፤ ጆንያዎቹን፣ በመካከላቸው የተዘረጋውን ፍራሽ፣ የምንታጠብበትን ባልዲ።

«እዚህ ነው የምትተኙት?»

«አዎ፣ ጎጎ።»

«ሁለታችሁም?»

«ፓስተሩ ያንኮራፋል» አለ ሸሪኬ በተሰባበረ ዙሉ።

ሊስቁ ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። የመስኮቱን መዝጊያ በስሱ ገፋ አድርገው፣ በኛ በኩል ቆመው፣ በብረቶቹ መሐል የገዛ ቤታቸውን አዩ።

«ከዚህ ሲታይ ሩቅ ነው» አሉ።

አመሻሹ ላይ ስንከፍትላቸው የመጨረሻ መተያያችን መሆኑን አላወቅንም፤ በማግስቱ አሠሪያችን መጥቶ ከነዕቃው ጭኖ ወሰደን። ያን ምሽት ጎጎ ደጃፉ ላይ ቆመው ጉንጫችንን በየተራ ዳሰሱና፣ «ከኋላዬ ቆልፉ» አሉን።

ቆለፍን።