በሸክላ የመጣ መርዶ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና፣ «አክስቴ፣ ድሮ በሸክላ ትሰሙት የነበረውን ዘፈን አገኘሁልሽ፤ ሙሉውን፣ በቅደም ተከተሉ» አለኝ። ደስ ሊያሰኘኝ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ልጁ ምን ያድርግ፣ አያውቅ።

ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ክረምት ነው፤ ጂንካ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የጓሮ ክፍላችንን ተከራይቶ ለጥናት ኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለችው ዱስ መንደር ሲመላለስ የኖረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማጫወቻና ሁለት ሸክላ ትቶልን ሄደ። ሁለቱም አንድ ታሪክ ናቸው፤ ጊታርና ከበሮ እየጮኸ፣ ከዳር እስከ ዳር በዘፈን የሚተረክ። አንድ ልጅ ይዘምታል። እናቱ ታለቅስለታለች። ከዚያ ልጁ በመንገድ ላይ ይዘፍናል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ በመጨረሻም ደጃፍ ቆሞ «በሩን ክፈቺልኝ» ይላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤት ይሰበሰብና በዚያችው በተማሪ እንግሊዝኛዬ እተረጉምላቸው ነበር። የማይቀሩት እትዬ አስካለ ናቸው። አንድ ልጃቸው ግርማ ወታደር ሆኖ ከሄደ ወሬው ጠፍቷል። «እርምዎን ያውጡ» ሲባሉ፣ «መርዶ ላልመጣበት ልጅ አላለቅስም» ይላሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረው፣ «አየሽ ልጄ፣ ካለቀሱለት በኋላ መጣ» ይሉኛል። ያን ቀን እራታቸውን ይበላሉ።

አንድ ጊዜ ዝናብ ወደ ሃና የሚወስደውን መንገድ ሲቆርጠው፣ ወደዚያው ሊሄድ ከአዲስ አበባ የመጣ የመሥሪያ ቤት ባለሙያ የጓሮ ክፍሏን ለጥቂት ቀን ያዘ። ቅዳሜ እናቴ ያቀረበችለትን ቅቅል ጎደሬ በሚጥሚጣ እያጣቀሰ ከእኛ ጋር ሲያዳምጥ ቆየና ሳቁ አመለጠው።

«ተዘበራርቆባችኋል እኮ» አለ። ተነሥቶ ሸክላዎቹ መሐል ላይ ያለውን ቁጥር አሳየን። አንደኛውና አራተኛው ገጽ በአንዱ ሸክላ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በሌላው ነው የተቀረጹት። እኛ አንዱን ሸክላ በሁለቱም ገጽ ጨርሰን ነበር ወደ ሌላው የምናልፈው፤ አራተኛው ገጽ ሁለተኛ ሆኖ ይመጣ ነበር። «ለቅሶው መጨረሻ ነው። በር ክፈቺልኝ የሚለው በሕልሙ ነው። ተማሪ ሳለሁ ነበረኝ፣ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«ልጁ ሞቷል?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሞቷል እንጂ» አለ፣ ጣቱን እየላሰ።

በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ይህ የተማረ ሰው ጎደሬ እያኘከ አረዳቸው። ስለ ዘፈን ነው የተናገርኩት ይል ይሆናል። ዓይን የለውም? የሴትዮዋ ፊት ሲጠቁር አያይም? ዝም እንዲል ብጠቅሰው ያፈርኩ መስሎት «አይዞሽ፣ እንግሊዝኛሽ ይሻሻላል» አለኝ።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። «ልጄ፣ ሰው ጥሪልኝ። ለግርማ ላለቅስ ነው።»

«ዘፈን እኮ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ከእንግዲህ ግን ሆዴ እሺ አይለኝም።»

ድንኳን ተተከለ። ሰውዬው መንገዱ ደርቆለት ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ድንኳኑን አየና «ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቴን አዞርኩበት። ዛሬ ቢሆን ዝም አልለውም ነበር።

ይህን ሁሉ ስነግረው የእህቴ ልጅ፣ «ሰውዬው ግን ትክክል ነበር» አለኝ። ስለ ዘፈኑ፣ አዎ። የግርማን መሞት ግን እስከ ዛሬ ያየም የሰማም የለም። እትዬ አስካለ ሊያርፉ ሰሞን እጄን ይዘው፣ «በቁሙ አልቅሼበት ቢሆንስ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ መቅረብ የነበረበት ለዚያ ባለሙያ ነበር።