የዕድሩ መኪና ዝም ያለች ለታ

ቡታጅራ ውስጥ፣ በእነ ዱባለ ሰፈር፣ ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋ ነበር። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ የፊት ጥርሶቹን ካጣ ወዲህ ግን ሥራው ለዱባለ መኪና ተላለፈ። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነም፤ እንዲሁ ሆነ።

ዱባለ ስልሳን የተሻገረ ሰው ነው። ከልጁ ከኪዱ በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት ፒክአፕ አለችው። በአዘቦት ቀን ከቆሼ በርበሬ፣ ከአረቅጥ ድንች ይጭንባታል። ሰው የሞተ ቀን ደግሞ የዕድሩን ድንኳን፣ አግዳሚና ድስት ጭኖ ለቅሶ ቤት ያደርሳል። የጭስ ማውጫዋ፣ መካኒኮቹ ማርሚታ የሚሉት፣ ከተበሳ አራት ዓመት አልፎታል። አንድ ቦታ ብቻ ቢበሳ ምን ነበረበት! መኪናዋ ከአስፋልቱ ታጥፋ ወደ ሰፈር ስትገባ ጩኸቷ ሦስት መንደር ይሰማል። ሴቶቹ ማን ሞተ ብለው እንኳ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ።

ለዕድሩ ተመችቷል፤ ለሌላው ሥራ ግን አልሆነም። አምና ዱባለ ኡሚ የምትባል የሰፈሩ ሴት ያሠራችውን ቁም ሳጥን ሊያደርስላት ሄዶ በሯ ላይ ቆመ። ኡሚ ድምፁን ሰምታ ደረቷን እየደቃች ወጣች፤ ጎረቤትም ተከትሏት አለቀሰ። ባሏ ዘበኛ ነው፤ ሲጠብቅ አድሮ ተኝቶ ነበር። ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ወጥቶ «ማነው የሞተው?» ብሎ ከለቀስተኛው መሃል ቆመ። ኡሚ ስታየው ያለቀሰችው ሁሉ አናደዳትና «ታዲያ ምን ሆነህ ነው የተኛኸው!» ብላ ጮኸችበት። ቁም ሳጥኑን አስወርዳ ያስገባችው በሦስተኛው ቀን ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች መኪና ባለበት ቤት ነው ሽማግሌ የመላክ ጉዳይ የመጣው። ኪዱ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ይጠግናል፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሩቲ ጋር ከተዋደዱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አባቷ አምሀ፣ እናቷ ፀዳለ፣ የዚያው ዕድር አባላት ናቸው። ሽማግሌ እሑድ ጠዋት እንዲገባ ተነጋግረው ከጨረሱ በኋላ ማክሰኞ ማታ ኪዱ ፊቱ ጠቁሮ ቤት ገባ።

«አባባ፣ እትዬ ፀዳለ አንድ ነገር ብለዋል።»

«ምን አለች?»

«ያቺ መኪና ደጄ ከቆመች በሩ አይከፈትም አሉ። ልጄን ልድር ነው እንጂ ልቀብር አይደለም አሉ።»

የዱባለ ሚስት ዘነበወርቅ ነገሩ ቀላል መሰላት። «ታዲያ ሽማግሌዎቹ በባጃጅ ይሂዱ» አለች።

ዱባለ ቱግ አለ። «የሰውን ሁሉ ሐዘን ስትሸከም የኖረች መኪና ለእኔ ደስታ ጊዜ ጓሮ ትደበቅ? ሲሞትባቸው ነይ፣ ሲድሩ ሂጂ? አላደርገውም!»

ይህን ይበል እንጂ ፈርቷል። ማርሚታ አላስቀይርም ብሎ ልጁን ቆሞ ቀር ያደረገ አባት መባል በዚያ ሰፈር ዕድሜ ልክ የሚያስቅ ስም ነው። ከስሙም በላይ ልጁ ሩቲን ሲያጣ ማየት አልፈለገም። በማግስቱ ዱባለ መካኒኩ አሚኑ ጋራዥ ደረሰ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ዱባለ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! ለሠርግ ነው የመጣሁት።»

አሚኑ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከሥሯ ገባ። ከዚያ ድምፁ ከታች መጣ። «ጋሽ ዱባለ፣ ይሄ ማርሚታ አይደለም፤ ትዝታ ነው። ብየዳ የሚይዝ ብረት እንኳ አልተረፈውም። ሙሉውን ነው የምንቀይረው።»

የእሷ ልክ ቡታጅራ አልተገኘም። አሚኑ ደዋውሎ ወልቂጤ አንድ አገኘ፤ ዱባለም ሐሙስ ሄዶ አመጣው። ሲመለስ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ስለነበር ማርሚታውን በጋቢ ጠቅልሎ ታቀፈው። አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ እምድብር እስኪደርሱ ድረስ በአዘኔታ ስታየው ቆይታ «አላለቀሰም እኮ፣ ጨዋ ነው። ፊቱን ግን ገለጥ ያድርጉለት፣ ይታፈናል» አለችው። ዱባለ ደክሞት ስለነበር ጫፉን ገለጥ አደረገላት። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ እስክትወርድ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አርብ ቀኑን ሙሉ ከቡሎን ጋር ትግል ሆነ። አሚኑ ናፍታ ረጨ፣ በእሳት አሞቀ፣ በመሮና በመዶሻ ቀጠቀጠ። ሁለቱ ተፈቱ። ሦስተኛው ግን ከነዱባለ ቤት ጋር ቂም ያለው ይመስል አልነቃነቅ አለ፤ በመጨረሻ ተቆርጦ ወጣ። አሮጌው ማርሚታ መሬት ሲወድቅ ሦስት ቁራጭ ሆነ። አዲሱ ደግሞ ሲለካ አንድ ስንዝር አነሰ። አሚኑ ቱቦ ፍለጋ ጋራዡን ሲያገላብጥ ዱባለ ዕድሩ መጋዘን ሮጦ የተሰበረ አግዳሚ የብረት ቱቦ እግር ይዞ መጣ። ልክክ አለ። ተቆርጦ ተበየደ፤ ሽማግሌ ለምትጭነው መኪና የተዘጋጀው ማርሚታ አንዱ ክፍል የለቅሶ ቤት አግዳሚ ሆነ። ይህን ፀዳለ እስከ ዛሬ አታውቅም።

«በል አስነሳት» አለ ዱባለ።

«ተነስታለች እኮ» አለ አሚኑ።

ዱባለ ኮፈኗ ላይ እጁን ጫነ። ውስጧ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን የለም። ደስ ሊለው ሲገባ ሆድ ባሰው። ወደ ቤት ሲነዳ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አንድ አህያ መንገድ ዘግቶበት ቆመና ክላክስ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ አለው። ሲጫነው አይሠራም፤ ለአራት ዓመት ማን ፈልጎት! ወርዶ አህያውን በእጁ ገፋ።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ጫነ። መሪያቸው መምህር ያረጋል ነበሩ፤ ከጎጃም ለማስተማር መጥተው እዚያው ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው። የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይገባም። ሾፌር አይሁን ያለ ግን የለም፤ ዱባለም ከአምሀ በር ፊት ለፊት መሪውን እንደያዘ ቀረ።

ፀዳለ መኪናዋ ብትጠገንም እንኳ ከሩቅ ትሰማለች፣ እስከዚያ እለብሳለሁ ብላ ነበር። መምህር ያረጋል በሩን ሲያንኳኩ ከጓሮ ሳፋ ወደቀ፣ ዶሮዎች ተንጫጩ። «መጡ! እኔን ድፍት ያርገኝ፣ ድምፅ ሳይሰማ መጡ!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። ዱባለ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

ሳቁ ግን አልቆየም። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ። እልልታ የለም። ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምነው፤ መምህር ያረጋልን በዚያ ጉልበታቸው እያሰበ ተጨነቀ። ደግሞ ኪዱ ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ ያውቃል። በሩ ሲከፈት አምሀ ብቻውን ወጣ። ቢፈቀድ ኖሮ ብቻውን አይወጣም ነበር።

አምሀ የመኪናዋን በር ከፍቶ ከጎኑ ተቀመጠ። «ምነው ድምፅህን አጠፋህ?» አለው።

«ፀዳለ አይደለችም እንዴ ያለችው?»

«እሷ ናት። እኔን ማን ጠየቀኝ? ከንጋት ጀምሬ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ መንገዱ አቁሜ ነበር። አልመጣህም ብዬ ልተኛ ስል በሩ ተንኳኳ።»

ዱባለ ወደ እሱ ዞረ።

«እናቴ ያረፈች ጠዋት ትዝ ይልሃል?» አለ አምሀ። «ገበያ ቀን ነበር፣ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ከእሷ ጋር ብቻዬን ቤት ውስጥ ተቀምጬ ማልቀስ አቃተኝ። እንደ ድንጋይ ሆንኩ። ከዚያ መኪናህ ከአስፋልቱ ስትታጠፍ ሰማሁ። ሰው መጣልኝ አልኩ። ያኔ ነው እንባዬ የወረደው።»

ሁለቱም በመስተዋቱ ወደ ፊት አዩ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አለ አምሀ። «ሽማግሌዎቹ ገና ሲገቡ ነው እሺ ያልኩት። ፀዳለ ግማሽ ጸጉሯን ብቻ ተሠርታ ነው የያዛችኋት፤ ሌላው እስኪያልቅ እልል አልልም አለች። መምህር ያረጋልን ተቀመጡ ብላቸው ወግ ነው ብለው በግድ ቆመዋል።»

ዱባለ እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። አምሀ ሊወርድ ሲል እግሩን አውጥቶ ቆም አለ። «ለሠርጉ በዝምታ ና። እኔ የሞትኩ ለታ ግን ዝም ብለህ እንዳትመጣ። ለቤተሰቤ ሰው እየመጣ መሆኑ ይሰማቸው።»

«ኧረ ማን ማንን እንደሚቀድም ማን ያውቃል!» አለ ዱባለ፤ ቶሎ ብሎ ፊቱን አዞረ። ያን ጊዜ ከግቢው እልልታው ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ዱባለ አሚኑ ጋራዥ ሲደርስ አሮጌውን ማርሚታ ብረት ክምር ላይ ተጥሎ አገኘው።

«ሦስቱን ቁራጭ ቀጥልልኝ» አለ።

«ጋሽ ዱባለ፣ ወላሂ ይሄ ተበይዶም ይጮሃል!»

«ይጩህ።»

አሚኑ ራሱን እየነቀነቀ ቁራጮቹን አያያዛቸው። ዱባለ ተሸክሞ ዕድሩ መጋዘን ወሰደውና ከድንኳኑ ምሰሶዎች አጠገብ በካላመንታሪ ሽቦ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። የመጋዘኑ ጠባቂ ይሄ ቆሻሻ የማነው አለው።

«የአምሀ ነው» አለ ዱባለ። «ማንም እንዳይነካው።»