ብርድ የማይችለው ሰዓት

በዚያ ዓመት የገባው ብርድ እንደ ሌላው ጊዜ ብርድ አልነበረም። ጠዋት የጎመኑ ቅጠል ሲነካ እንደ ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ ገመድ ላይ ያደረ ሸሚዝ እጁን ዘርግቶ እንደ ጣውላ ደርቆ ይገኛል። ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ ስለሚሄድ ሰላምታው እንኳ ማጉረምረም ይመስል ነበር። ደቂቃ እንቅልፍ ያጣው በዚያ ብርድ ነው።

ደቂቃ ማለት ሬዲዮ ጠጋኙ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ከሰፈሩ የውሃ ገንዳ በታች አትክልት የሚያለሙት ጎረቤቶቹ ናቸው። ቀድሞ የገንዳውን ውሃ በየተራ የሚለቀው አንድ ጠባቂ ነበር፤ እሱም ፊት አይቶ ነው የሚለቅ። ለወዳጁ ተራው ይረዝማል። ለደቂቃ ታላቅ እህት ግን፣ ባሏ ሞቶባት ደጋፊ የላትም፣ መሬቷ ገና ሳይርስ "በቃ፣ ተራሽ አልቋል" ይላታል። ደቂቃ ይህን ማየት አንገሸገሸውና ለእያንዳንዱ ማሳ ቧንቧ አንድ የሰዓት ሣጥን ሠራ። እዚያ መብራት ስለሌለ ሣጥኑ የሚኖረው በትንሽ ባትሪ ነው። ተራው ሲደርስ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ሲያልቅ ይዘጋል፤ የማንንም ፊት አያይም።

ሰዎቹ እንዲያምኑት ሕጉን ራሱ አወጣ። "ሣጥኖቹ በውሃ ኮሚቴው ፊት ይታሸጉ። ኮሚቴው ሙሉ ካልሆነ ማንም አይክፈታቸው፤ እኔም ብሆን" አለ። አጨበጨቡለት።

ሰዓቶቹን የፈተናቸው ግን በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ በመዞር ነበር። ሲሠራም፣ ሲበላም፣ ሲተኛም ከደረቱ አይለዩም።

"አንተ፣ ጫጩት ልትፈለፍል ነው እንዴ?" ትለው ነበር እህቱ።

"ሳቂ እትዬ፣ ሳቂ። አንዱ እንኳ ንቅንቅ አላለም።"

እውነቱን ነው፤ በኪሱ ውስጥ ንቅንቅ አላሉም። ሜዳ ላይ ወጥተው ያ ብርድ ሲያገኛቸው ግን መዘግየት ጀመሩ። ቀን በቀን አይታይም፤ ወሩ ሲገፋ ግን ጥቂቱ ተጠራቅሞ ጉድ ይሆናል። ከእህቱ ቀጥሎ ያለው ተረኛ ዳቦ ጋጋሪው ነው። የእሱ ሣጥን በምድጃው ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ይሞቀዋል፣ ልክ ነው። የእሷ ዘግይቶ ስለሚዘጋ ሁለቱ ቧንቧዎች አንድ ላይ ክፍት ሆነው ውሃው ለሁለቱም ሳይበቃ ይቀራል።

"ደቂቃ!" ይጮኻል ጋጋሪው ከበሩ ላይ። "እህትህ ውሃዬን እየጠጣችብኝ ነው! ሰዓትህን ምን አስተማርከው?"

ጠባቂው ደግሞ ከገንዳው ጥግ ተቀምጦ ይስቃል። "እኔ ቢያንስ አይበርደኝም" ይላል።

ደቂቃ ኮሚቴውን ለምኖ አስከፈተና የሰዓቷን አካሄድ ትንሽ አፈጠነው። ብርዱ አልፎ አየሩ ለስለስ ሲል እየቀደመ አስቸገረ፤ አሁን ደግሞ ከእሷ በፊት ያለው ተረኛ ጮኸ። ሙቀቱ ያፈጥነዋል ብሎ ሲጠብቅ፣ ፀሐዩ የሣጥኑን ቆርቆሮ ሲያግለው ጭራሽ እንደ ብርዱ ጊዜ ወደ ኋላ ጎተተው። በሰዓቱ ውስጥ ጊዜ የምትቆጥረው ስንጥር የምታህል ክሪስታል ለካ ብርድም ሙቀትም አይስማማትም፤ ሁለቱም ያዘገዩአታል። የሚመቻት እንደ ሰው ደረት ለብ ያለ ቦታ ብቻ ነው።

"ታዲያ ለብ አድርጋታ!" አለችው እህቱ።

"በምን? ላሙቃት ብል ባትሪው በሳምንት ያልቃል። ባትሪውን ልቆጥብ ብል እሷን ይበርዳታል። አበድኩ እኮ እትዬ!"

በማግስቱ ሄዶ ሲያይ ሣጥኑ የሟቹን ባሏን ካፖርት ለብሶ፣ ቁልፉ እስከ አንገቱ ተቆልፎ ቆሟል። መሳቅም ማልቀስም አማረው።

"ካፖርት እኮ በራሱ አይሞቅም። የሚያሞቀው የለበሰው ሰው ነው።"

"እና ምን ላድርግ፣ አቅፌው ልደር?" ብላ ተቆጣችው። ካፖርቱን ግን አላወለቀችም።

በኋላ ዘዴ አገኘ። ሙቀት የምትለካ ትንሽ ዕቃ ጨመረበት። በየጊዜው እየነቃች ብርዱን ትለካለች፤ ሰዓቱ በዚያው ልክ ራሱን ያርማል። ደጋግማ ከነቃች ባትሪውን ትበላዋለች፣ ከስንት አንዴ ከነቃች የአየሩን መለዋወጥ አትደርስበትም። እሱ ስህተቱ መሮት ስለነበር ደጋግማ እንድትነቃ አደረገ። ሣጥኖቹ እንደገና ታሸጉ። ኮሚቴውም "የሚመጣው ብርድ የመጨረሻ ፈተናህ ነው፤ ካልሆነ ጠባቂው ይመለሳል" አለው።

ብርዱ ሲመለስ ሰዓቶቹ ውልፍት አላሉም። ጋጋሪው እንኳ ዝም አለ። ግን ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ የእህቱ የሽንኩርት ችግኝ መሬት በያዘበት ሳምንት፣ ደጋግሞ በመንቃትና በሜዳው ብርድ የደከመው የሣጥኗ ባትሪ አለቀ። ቧንቧው እንደተዘጋ ቀረ። ደቂቃ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቤት ሮጠ።

"ጋሼ፣ ባትሪ ልቀይር ብቻ ነው። ይምጡና ቆመው ይዩኝ።"

"ሁለቱ አባላት መንገድ ሄደዋል። ሲመለሱ።"

"እስከዚያ ችግኙ ይሞታል እኮ!"

"ልጄ፣ ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። እኔ ምን ላድርግ?"

ወደ ማሳው ሲመለስ እህቱ በባልዲ ውሃ ታመላልሳለች፤ መሬቱ ምንም እንዳልፈሰሰበት ይጠጣዋል። ችግኙ አንገቱን ደፍቷል።

"እንዳትነካው" አለችው፣ ዓይኑን አይታ። "ችግኜ ይድረቅ። ማኅተሙን ከነካህ ያ ሰው ይመለስብኛል።"

"ሰዓቱ ልክ ነበር እትዬ! ልክ ነበር!" አለና በጠራራ ፀሐይ፣ ጋጋሪው እያየው፣ ካፖርቱን ገልጦ ማኅተሙን በጠሰው። ባትሪውን ቀየረ፣ ሰዓቱን አስተካከለ። ውሃው መጣ።

በሳምንቱ ኮሚቴው ሣጥኖቹን ነቅሎ በጆንያ ከተተና ሱቁ በር ላይ አስቀመጠለት። ሰብሳቢው አንገቱን ደፍቶ "ማን ምን ይላል፣ ሥራው ጥሩ ነበር" አለ። ያም አላጽናናውም። ሽንኩርቱ ለዚያ ዓመት ደረሰ። ጠባቂው ተመለሰ፤ ለእህቱ የሚለቅላት ውሃም የድሮው ሆነ። እሷ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም፤ እሱ ግን በእሷ ማሳ በኩል ማለፍ አቃተው። ሱቁን ለጫማ ሰፊ አከራይቶ ሄደ።

በመጨረሻ የታየው ከወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። የማቀዝቀዣዎቹን ሙቀት ይቆጣጠራል፤ የሚኖረውም እዚያው ግቢ፣ ከዘበኛው ክፍል አጠገብ ነው።