በሁለት ጣት የወጣች ማሰሪያ

በግብጿ ከተማ በዘጋዚግ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሞልቷል። በሙያው ኡስታ፣ ማለትም ዋና ባለሙያ፣ የምንለው ግን በህጋት የሚባለውን ሰው ነው። ሱቁ ከሸንኮራ ጭማቂ ቤቴ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ። ጥሩ ጆሮ አለው፤ ተመልካችም ይወዳል። ጉድ ያፈላው ይሄ ተመልካች መውደዱ ነው።

ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው ካቃሰተ፣ ኮፈን ሳይከፍት ሕመሙን ይናገራል። ባትሪ የሚለፋው ሞተሪኖው ሞተሩን እስኪያስነሳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኤሌክትሪክ አመንጪው ዲናሞ በቺንጋ እየዞረ መብራቱንም ይመግባል፣ ባትሪውንም መልሶ ይሞላል። በህጋት የዲናሞን ጤንነት የሚያሳይበት ዘዴ ከአባቱ ወርሷል። ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን ከባትሪው ጋር የምታያይዘውን ማሰሪያ ይነቅላል። መኪናዋ ካልጠፋች፣ "ዲናሞው ብቻውን ያኖራታል" ይላል። በአሮጌ ፔጆዎች ላይ ስንት ዓመት ሠርቶለታል። ከጎናችን ባለው ቡና ቤት የተቀመጠውም ሁሉ ዶሚኖውን ትቶ ያየው ነበር።

አምና በብርዱ ወራት አስተማሪዋ ኢንሳፍ መጡ። ባላቸው ሉጥፊ ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ደማቸው በማሽን ይታጠባል። መኪናቸው ደግሞ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ትላለች። ሁለት ጊዜ ባትሪ ቀይረዋል። በማግሥቱ የሉጥፊ የሆስፒታል ቀን ነበር።

በህጋት ነገ በጊዜ ትደርሳላችሁ ብሎ አጽናናቸው። ከሌላ ባትሪ በገመድ አስነሳት፣ ገመዱን አነሳ፣ ወደ ቡና ቤቱ ዞር ብሎ አየና ማሰሪያውን በሁለት ጣቱ ነቀለ። መብራቶቹ ቦግ አሉ። ወዲያው መኪናዋ ጸጥ አለች፤ ዳግመኛም አልተነሳች። የአሁን መኪኖች ኮምፒውተር አላቸው። የዲናሞውን ኃይል የሚያረጋጋው ባትሪው ነበር፤ እሱ ሲነቀል ኃይሉ ልክ አጥቶ ኮምፒውተሩን አቃጠለው።

"ኡስታ፣ ዛሬስ ብቻውን አላኖራትም" አለ አንዱ ከቡና ቤቱ።

በህጋት ኮምፒውተሩ ድሮም የተቃጠለ ነው ቢል ማን ያውቅበታል? እኔ ብሆን እል ነበር። እሱ ግን ማሰሪያዋን ሲያይ ቆየ። ለመንቀል መፍቻ እንኳ አላነሳም ነበር። እንዲህ የላላች፣ ውስጧን ነጭ ዝገት የበላት ማሰሪያ ኃይል አታስወጣም፣ አታስገባም። ሁለት ባትሪ በከንቱ ያስቀየረችው እሷ ናት። ጠረግ አድርጎ ጠበቅ ቢያደርጋት ይበቃ ነበር።

"እትዬ ኢንሳፍ፣ የመኪናዎ በሽታ ይቺ ነበረች። እጄ ላይ ነበረች። ለታይታ ብዬ ያቃጠልኩብዎት እኔ ነኝ" አላቸው።

ኢንሳፍ አልተቆጡም። "ነገ ጠዋትስ?" አሉ ብቻ።

ኮምፒውተሩ ተገኝቶ እስኪገጠም አምስት ሳምንት ፈጀ። እስከዚያ በህጋት ሱቁን እየዘጋ፣ ሉጥፊን በገዛ ፔጆው ሲያመላልስ ከረመ። መጀመሪያ ሆስፒታሉ በር ላይ ይጠብቅ ነበር፤ በኋላ ከአልጋቸው አጠገብ መቀመጥ ጀመረ።

አንድ ቀን ጭማቂ ሊጠጣ መጥቶ የሉጥፊን ማሽን ስለምትይዘው ነርስ አጫወተኝ። ማሽኑን ከማስነሳቷ በፊት የየቱቦውን መጋጠሚያ በሁለት ጣቷ ጫን እያደረገች ትፈትሻለች አለ። ሁልጊዜ፣ አንዱንም ሳትዘል።

"ማንም ሳያያት እኮ ነው" አለኝ። "አፈርኩ።"