ለይለፍ ወረቀት ስንል የገደልናት አክስቴ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሆሳዕና ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ ነው። አክስቴ በቁሟ የተለቀሰላት ቀን ስለሆነ ሲነሳ ዛሬም ያስቀኛል።

ከተጋባን ሰባት ዓመት ቢሞላንም ልጅ አልነበረንም። የባለቤቴ ዘመዶች ከሆመቾ በመጡ ቁጥር ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ሆዴ ላይ ነበር። በስንት መከራ አዲስ አበባ አንድ የማህፀን ሐኪም አገኘንና ለቀዶ ጥገና ቀጠሩኝ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ በሳምንቱ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሊሄዱ ነው። ካመለጠን አመለጠን ማለት ነው።

ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ከተማውን አልጋ ላይ ያዋለ ጉንፋን ገባ። ቫይረስ ነው ተባለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ገበያ ቆመ፤ ቀበሌውም ከለቅሶ በቀር ለማንም የይለፍ ወረቀት አልሰጥም አለ። ያለ ይለፍ ደግሞ አውቶቡስ መሳፈር የማይታሰብ ነው።

ባለቤቴ ጴጥሮስ ዓይን አፋር ነው። የእኛን ጉዳይ ለሊቀመንበሩ ከሚያወራ ጫካ ቢገባ ይመርጣል። ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ግን ከደስታዬ ብዛት እንዴት አገኘኸው እንኳ አላልኩትም።

በማግስቱ ማለዳ ሻንጣችንን አንስተን ልንወጣ ስንል ግቢው በሰው ተሞላ። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ እየሳለና እያስነጠሰ መጥቷል። ባለሱቋ እትዬ ዘነበች አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

“እኔን! እኔን! እናት የሆነችሽን አክስት!”

ጴጥሮስን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ያኔ ገባኝ። ለካ አዲስ አበባ ያለችውን አክስቴን ገድሏታል! በእኛ አገር ደግሞ ለቅሶ ከተሰማ እንኳን ጉንፋን ጦርም አያስቀርም።

ሊቀመንበሩ አቶ ኤርሴዶ የእድራችንም ዳኛ ነበሩ። “ብቻችሁን አትሄዱም” አሉ። “ሦስት ሰው አብሯችሁ ይቀብራል። ይለፋቸውን ጽፌያለሁ።”

ምን ሊቀብሩ? እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሴቶቹ “ምን ያህል ብትወዳት ነው!” ሲሉ ባሰብኝ።

“አቶ ኤርሴዶ፣ አክስቴ አልሞተችም” አልኩ። “የምሄደው ልጅ እንድወልድ ልታከም ነው። ቀጠሮዬ ነገ ነው፤ ካመለጠኝ ሐኪሙን ዳግም አላገኛቸውም። እውነቱን ለመናገር አፍረን ነው፤ ይቅር በሉን።”

አቶ ኤርሴዶ ወረቀቱን ከጴጥሮስ እጅ ሲቀበሉ በቃ ቀረሁ አልኩ። እስክሪብቶ አውጥተው “ለቅሶ” የሚለውን ሰረዙና “ሕክምና” ብለው ጽፈው ፈረሙበት።

“ለሞት የፈቀድነውን ለመውለድ እንከልክል እንዴ?” አሉ። ወደ ጴጥሮስ ዞረው ደግሞ፣ “አንተ ግን አክስቲቱ ቤት ሄደህ እግሯ ላይ ትወድቃለህ!”

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው እልል አሉ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሻንጣችንን ተሸክሞ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘን።

ከቀዶ ጥገናው በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለድኩ። እስከዚያው ግን ሰፈሩ እፎይታ አልሰጠኝም፤ ባገኘኝ ቁጥር “ምነው፣ አሁንም ምንም የለም?” ይለኝ ነበር። አልተቀየምኩም። ሰባት ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ስጠብቅ ኖሬ፣ በአንድ ማለዳ ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ መጠበቅ ጀመረ። ዛሬ ልጅ አጥታ ከሰው የምትሸሽ ሴት ሳይ፣ ምንም ሳልጠይቅ ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ።