ከአልጋቸው በላይ ያለው ጭድ

የቆርቆሮ ቤት ያማረኝ እኔ ነኝ። ጥፋቱን ለማንም አላካፍልም።

ባሌ መካነ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ነበር። አብረውን የሚኖሩት አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርአን ሲያቀሩ የኖሩ ሸኽ ነበሩ። የምንኖርበትንም የሳር ቤት በወጣትነታቸው የሠሩት እሳቸው ነበሩ። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ቤታቸውን ቆርቆሮ ሲያለብሱ ሳይ እንቅልፍ አጣሁ፤ ባሌንም በነገር አላስቀምጠው አልኩ። አማቴ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ሳር ያረጃል እንጂ አይበርደውም» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተከራከሩኝም። ሳሩ ሲወርድ ግን በር ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው እስር ድረስ አዩት።

ከደሴ ያስመጣነው ቆርቆሮ ሲመታ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ እኔም እንዲሰማ ፈልጌ ነበር። ከዚያ ኑሮው መጣ። ቀትር ላይ ቤቱ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ውርጩ ከሜዳው ቀድሞ እኛ ጋ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ሥር ላብ ይንጠባጠብና ብርድ ልብሳችንን ያረጥበዋል። የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ነበርኩ። ባሌ «ሞቀሽ?» ሲለኝ «በጣም!» እላለሁ፤ ጥርሴ ግን ይንገጫገጫል።

አማቴ አልሳቁብኝም። አንድ ቀን ከገበያ ባዶ ጆንያ አሸክመው መጡና በወስፌ እርስ በርሱ ይሰፉት ጀመር። ጆንያውን ከቆርቆሮው ሥር ወጥረው ኮርኒስ አደረጉት፤ በእሱና በቆርቆሮው መካከል ደረቅ የጤፍ ጭድ ክንድ በሚያህል ውፍረት ሞሉበት። «ቤት እንደ ሰው ነው። ራሱን ካልሸፈነ ይበርደዋል» አሉ ጥምጥማቸውን እየነካኩ። ሲመሽ ኩራዝ ለኩሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞራሉ። ነበልባሉ ዘንበል ያለበት ቦታ ነፋስ አለ ማለት ነው፤ ጣታቸውን ጭቃ ነክረው እዚያው ይደፍኑታል። ይህን የግድግዳ ድፈና ከድሮም በየዓመቱ ክረምቱ እንደወጣ ያደርጉት ነበር።

ቤቱ ሞቀ። ቀትር ላይም ቀዘቀዘ። እኔም የሳሎኑን ኮርኒስ ኖራ አስቀባሁትና አባጣ ጎርባጣው ጆንያ ነጭ ሆነ። እንግዳ በገባ ቁጥር ቀና ብሎ እስኪያየው እጠብቃለሁ፤ ካላየው «አቧራ ወደቀብዎ እንዴ?» እያልኩ አሳየዋለሁ።

ዝናቡ የቀረው ልጄ በተወለደ ዓመት ነው። ኅዳር ላይ የሚታጨድ ጠፋ፤ የተራበ ሰው በመንገዱ ወደ ከተማ ይመጣ ጀመር። የነበረንን ቆሎና ንፍሮ ከበራችን ለተቀመጠው እናካፍል ነበር፤ አይበቃም፣ እናካፍል ነበር። በከላላ መንገድ ባሉት መንደሮች ሰዉ የቤቱን የሳር ክዳን እያወረደ ለከብቱ መስጠት ጀመረ የሚል ወሬ ሰማን። እኔ አፌ አያርፍም፣ «ይኸው፣ የኔን ቆርቆሮ በሬ አይበላው!» አልኩ። ማንም አልሳቀልኝም።

በሳምንቱ ከአማቴ የድሮ ደረሶች አንዱ፣ እሳቸው ያቀሩት ገበሬ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር በሬ እየጎተተ መጣ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሸኽዬ» አለና ጉልበታቸውን ሳመ። «እኔም ያለኝ አንድ በሬ ነው፣ ጎረቤቴም ያለው አንድ በሬ ነው። ተቀናጅተን ነው የምናርስ። ይኼ ከወደቀ የሁለት ቤት እርሻ ወደቀ። ዝናብ እስኪጥል ነፍሱን ያቆዩልኝ፤ ለአላህ ብለው።»

አማቴ ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ። ምን ሊሉ እንደሆነ ገባኝ።

«አባባ፣ ከልጁ በላይ ያለው አይነካም!» አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ማን ይነካዋል፣ ልጄ? ከኔ አልጋ በላይ ያለው ይበቃዋል።»

«ከሳሎኑ ውሰዱ» የምትል ቃል አፌ ላይ ነበረች። ሳሎን ውስጥ የሚተኛ ሰው የለም። ግን ጭዱን ለማውጣት ስፌቱ መፈታት ነበረበት፤ ኖራውም ይረግፋል። ለኮርኒሴ ሳሳሁ። ቃሏን ዋጥኳት።

በሬው ጓሯችን ታሰረ። አማቴ በየማለዳው በርጩማ ላይ ቆመው ከአልጋቸው በላይ ያለውን ጆንያ ጥግ ይፈቱና አንድ እቅፍ ጭድ ያወጣሉ፤ የወይራ ቅጠል ቀላቅለው ያበሉታል። እቅፍ በእቅፍ የእሳቸው ጥግ ተራቆተ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ቆርቆሮው እንደገና እሳቸው ላይ ያልበው ጀመር። አልጋዎን ወደኛ እናምጣው ብንላቸው፣ «በሳሌ ሕፃኑን ልቀሰቅሰው ነው?» ብለው እምቢ አሉ።

ጋቢዬን ደረብኩላቸው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጓሮ ብወጣ ጋቢዬ በሬው ጀርባ ላይ ነው! ተናደድኩ፤ አማቴ መሆናቸውንም ረሳሁ።

«አባባ፣ ይህ ምን የሚሉት ነው? እርስዎ ይበልጣሉ ወይስ በሬው?»

«ነገ የሚያርሰው እሱ ነው እኮ» አሉኝ፤ ፈገግ ብለው። «ደግሞ አንቺን ያመሰግንሻል።» እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ጋቢው ፍግ ፍግ እየሸተተ ተመልሶ ተደረበላቸው።

መጋቢት ላይ አረፉ። ብርዱ ነው የገደላቸው ልል አልችልም፤ ዕድሜም ነበራቸው። አይደለም ልልም አልችልም።

ለቀስተኛው በተበተነ ማግስት በሬው ጓሮ ሆኖ ሲጮህ ሰማሁት። የሚያበላው ሰው አልነበረም። ከአልጋቸው በላይ ያለውን ብዳብስ ጭድ የሚባል የለም፤ እጄ የነካው ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ነው። ምላጭ ያዝኩና ሳሎን ገባሁ። ነጩን ኮርኒስ ከዳር እስከ ዳር ቀደድኩት። ጭዱና ኖራው አንድ ላይ ራሴ ላይ ወረደ። ባሌ ከሥራ ሲመለስ ነጭ ሆኜ መሬት ላይ ተቀምጬ ኖራውን ከጭዱ ስለቅም አገኘኝ። እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ይለቅም ጀመር።

የሳሎኑ ጭድ እስከ ሰኔ አደረሰን። ሰኔ ላይ ዝናቡ ጣለ። ደረሳው መጣና በሬውን በእግሩ ነዳው፤ ሁለቱም ቤት አረሱ።

በሚቀጥለው የካቲት ሬዲዮው ስለ ወታደር ጥያቄና ስለ ካቢኔ መውረድ ሲያወራ፣ ከተማውም በየቡና ቤቱ ጆሮውን አቁሞ ሲያዳምጥ፣ ያ ደረሳ ሁለት አህያ ሙሉ የጤፍ ጭድ ጭኖ ከበራችን ደረሰ። «የሸኽዬ አደራ ነው» አለ። ጭዱ አዲስ ነበር፤ ወርቅማ።

ባሌ ከሳሎኑ እንጀምር አለ፤ እንግዳ የሚገባው እዚያ ነውና። እምቢ አልኩ። በርጩማቸውን አመጣሁና ከአልጋቸው በላይ ያለውን በገዛ እጄ ሞላሁት፤ ጠቅጥቄ፣ እሳቸው ካደረጉት ይበልጥ አወፍሬ። ጥጉን በእሳቸው ወስፌ ሰፋሁት።

ሲመሽ ኩራዙን ለኩሼ እንደ እሳቸው ግድግዳውን ዞርኩ። ከራስጌያቸው አጠገብ ስደርስ ቆምኩ። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ንፋስ አልነበረም። ጥጉ ሞቆ ነበር። ቆሜ አለቀስኩ፤ አልጋው ላይ የሚተኛ ሰው አልነበረም።