የሬቬሳይ ምላስና የዝናብ ልመናው ጠላ

ሬቬሳይ በመንደሯ የምትታወቀው በምላሷ ነው። ነገረኛ ሆና እንዳይመስላችሁ፤ እሱስ የባሏ እህት የማርዌይ ነው። ሬቬሳይ ከኒያማሳንጋ ጅረት አንድ ጉንጭ ትቀምስና "ላይኛው መንደር ዛሬ ብርድ ልብስ አጥበዋል" ትላለች። ሰው ተልኮ ሲጠየቅ እውነት ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዝናብ ልመና የሚጠመቀው የዳጉሳ ጠላ ውሃው በእሷ ምላስ ሳያልፍ ጋን አይገባም። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ጠማቂዎቹ መውለድ ያቆሙ አሮጊቶች፣ ውሃውም የጅረቱ ብቻ። የመንደሩ ጉድጓድ ውሃ የነካውን፣ ዝናብ የሚለመኑት የሞቱ ቀደምት አባቶች አይቀምሱትም።

በዚያ ዓመት ግን ድርቁ ጠናና ጅረቱ መፍሰሱን ትቶ እዚህም እዚያም ኩሬ ሆነ። ከብቶቹ በሙቀቱ ተማረው እዚያው ቆመው ይውላሉ፤ የጠጡትን ያህልም ይመልሱለታል። ድሮ ወራጁ ጠርጎ የሚወስደው እበትና የሳሙና እጣቢ መሄጃ አጣ። ፀሐይ ውሃውን በመጠጠችው ቁጥር ቆሻሻው እየበረታ፣ ላዩም አረንጓዴ እየለበሰ ሄደ።

ሬቬሳይ ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ።

"እንዴት ነው?" አለች ማርዌይ።

"ላሞቹን በየስማቸው ልጥራልሽ?"

"ሕግ ሕግ ነው፤ ጥመቂ!"

ጠመቀች። ጋኑ አረፋ ማውጣቱን ትቶ ገማ። ማርዌይ አፍንጫዋን ይዛ፣ "አባቶቻችን ይሄን ከቀመሱ ዝናቡ ቀርቶ ሁለተኛ ይሞቱብናል" አለች።

ብቅል የቀረው ለአንድ ጋን ብቻ ነበር። ያም ከተበላሸ ልመናው ለከርሞ ሊተላለፍ፣ የሬቬሳይ ምላስም አረጀ ሊባል ነው።

በማግስቱ ማልዳ ቅሏን ይዛ ወረደች። ከኩሬው ዳር አሸዋውን ብትቆፍር ያው የላሞቹ ውሃ ወጣ። ከኩሬዎቹ ሁሉ በላይ፣ ከብት ወደማይደርስበት የጅረቱ ደረቅ መታጠፊያ ወጣችና እስከ ክርኗ ቆፈረች። መጀመሪያ ያቆረውን ደፋች፤ ሁለተኛውንም ደፋች። ሦስተኛው ኩልል አለ። ቀመሰች፤ ድንጋይ ድንጋይ ከማለት በቀር ምንም አይልም።

ማርዌይ ተከትላት ኖሮ ከኋላዋ ጮኸች። "ጉድ! ይሄ የጉድጓድ ውሃ ነው!"

"ጅረቱ ራሱ ነው። ሙቀቱ ቢበዛበት አሸዋውን ተከናንቦ ተኛ። አንቺስ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ስትተኚ ማርዌይ መሆንሽ ይቀራል?"

ማርዌይ አሰበች፤ አሰበች። "አይቀርም። ግን እኔ አላንኮራፋም።"

"እሱን ጎረቤት ይፍረድ!"

የሁለተኛው ጋን አረፋ ገንፍሎ ወለሉን አራሰው። ለአባቶች ከፈሰሰ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጋኑን ጠጥተው ገለበጡት፤ ማርዌይም አተላውን ሳይቀር ይዛ ሄደች።

ዝናቡ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። ጅረቱ ደፍርሶ እያጓራ ሲወርድ ሰው ሁሉ እየዘፈነ ወጣ። ሬቬሳይ ጎንበስ ብላ አንድ ጉንጭ ቀመሰችና እንትፍ አለች።

"አሁን ደግሞ ምን ሆነ?" አለች ማርዌይ።

"ላይኛው መንደር የዓመት ጉዱን በአንድ ቀን ላከልን። እስኪጠራ ድረስ ሁላችሁም ከመንደሩ ጉድጓድ ጠጡ።"